ከልብ የሚወጣው የትኛው ነው?

ሞጣ ጤና ጣቢያ የደም ግፊቴን በየወሩ የምትለካኝ ነርስ ሲስተር ትርንጎ ትባላለች። የቢቸና ልጅ ናት፤ አፏ ስለታም፣ እጇ ግን ለስላሳ ነው። እጅጌዬን ገና ስጠቀልል «ጋሽ እንድሪስ፣ ዛሬስ ከማን ጋር ተጣልተው መጡ?» ሳትለኝ አታልፍም። መስከረም ሲጋመስ እንደ ልማዴ ሄድሁና ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠመጠመችልኝ። አጠገቧ ለቆመች ተለማማጅ ልጅ «አርተሪው እዚህ ጋ ነው፤ ምቱን በጣትሽ ፈልጊው» ስትላት፣ በቃ፣ ደሜ ፈላ። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል። ቁጥሩን አየችና «ኧረ ጋሼ! ምን ነክቶዎት ነው? ጨው አልተውም ብለው ነው?» አለችኝ። ጨውማ ከተውሁ ቆየሁ። «ቢቸና ትዝ ብሎኝ ነው» አልኋት። «ቢቸና ደግሞ ምን አደረገችዎ?» ብላ ሳቀች። እሷ እንደ ቀልድ ነው የያዘችው።

ኪሴ ውስጥ ከቢቸና የመጣ ደብዳቤ ነበር። ወጣት ሳለሁ መጀመሪያ ያስተማርሁበት ትምህርት ቤት የተመሠረተበትን ቀን ሊያከብር ነው፤ ደብዳቤው ግን ከድግሱ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር እንዳለ አይደብቅም። «የተማሪዎቻችን ውጤት እጅግ በማሽቆልቆሉ የቀድሞ መምህራን ተገኝተው ልምዳቸውን እንዲያካፍሉን» ይላል። በእኔ ጊዜ እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነበር፤ ዛሬ አስራ ሁለተኛ ደርሷል። አምና ግን ፈተናውን ሊፈተኑ በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሄዱት ልጆች መካከል ያለፈ አንድም የለም። ሲስተር ትርንጎ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ታናሽ እኅቷ ዘንድሮ እዚያው አስራ ሁለተኛ ናት። ደብዳቤውን ሳሳያት ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ይሂዱ እንጂ ጋሼ። የድሮ መምህር ሲናገር ልጆቹ ይሰማሉ» አለችኝ። የድሮ መምህር! የድሮው መምህር ያደረገውን ብታውቅ ኖሮ ጨርቁን በክንዴ ፈንታ አንገቴ ላይ ትጠመጥመው ነበር።

እንግዲህ ልናገረውና ይውጣልኝ። እኔ እንድሪስ አንድ ሰው ጥዬአለሁ። በእጄ ገፍቼ አይደለም፣ በጠመኔ ነው። ሰውየው ላቀው ይባላል። ይህን ሁሉ ዘመን ቢቸናን በመስኮት እያየሁ ያለፍሁት፣ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም እንኳ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ከወንበሬ ያልተነሣሁት በእሱ ምክንያት ነው።

ቢቸና መጀመሪያ ስገባ ጢሜ ገና በቅጡ አልወጣም ነበር። ከሞጣ የመጣሁት እህል በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ ሞጣ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበርና «ልጄ መምህር ሆነ» ብለው ከመደርደሪያው ምርጡን ካኪ ቀደዱልኝ። ሱሪው ከወገቡ የጠበበ፣ ከእግሩ የሰፋ፣ ያኔ ቤልቦተም የምንለው ነው፤ ስራመድ የመንገዱን አቧራ ይጠርጋል። ጎፈሬዬ ደግሞ በበር ስገባ ቀድሞኝ ይገባ ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ጎፈሬ የተረፈኝ ማበጠሪያው ብቻ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ አልጣልሁትም። ከእህል ተራው ማዶ፣ የከብት ገበያው መንገድ የሚጀምርበት ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ዳቦ አስር ሳንቲም። ባለቤቲቱ ሬዲዮኗን ጥልፍ ጨርቅ አልብሳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ዘፈን ሲመጣ ጨርቁን ገለጥ፣ ዜና ሲመጣ መለስ ታደርገዋለች። ዜናው ምን ይል እንደነበር እንኳን ዛሬ ያኔም አልያዝሁትም፤ የአንድ ክራር መቺ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ደመወዝ በተቀበልሁ ቀን ሁለት ሻይ አዝዝና ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ጫፍ ነው። የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ተብዬ ስደርስ ዳይሬክተሩ አንድ መጽሐፍ ሰጡኝ። «የልጆቹስ?» አልኋቸው። «የልጆቹም እሱው ነው» አሉኝ። አርባ ተማሪ፣ አንድ መጽሐፍ፣ ያውም ምስጥ የቀመሰው። ግማሾቹ ልጆች ወንበር የላቸውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። የገበያ ቀን ክፍሉ ይሳሳል፤ በአጨዳ ጊዜማ እኔና ጥቁር ሰሌዳው እየተያየን የዋልንበት ቀን ነበር። እንዲያም ሆኖ የመጡት ልጆች ሲማሩ ደስ ይሉ ነበር። እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ዓይናቸውን ተክለው ነው የሚሰሙ።

ከአርባዎቹ አንዱ ላቀው ነው። ዲያቆን ነው፤ ቅኔ ቤት ዓመታት አሳልፎ «ዘመናዊውንም ልቅመሰው» ብሎ ዘግይቶ የመጣ፣ ሪዛም ጎልማሳ። በዕድሜ ይበልጠኛል። ስለዚህ እኔ ተማሪዬን አንቱ እላለሁ፣ እሱም መምህሩን አንቱ ይላል፣ ልጆቹ ከታች ይሳሳቁብናል። ይባስ ብሎ «የኔታ» ነው የሚለኝ። የኔታ የሚባለው የቤተ ክህነት መምህር ነው፤ እኔ ደግሞ የሞጣ እስላም ነጋዴ ልጅ። «ኧረ ዲያቆን፣ ሰው ይታዘበናል» ስለው «ፊደል የነገረኝ ሁሉ የኔታዬ ነው» ብሎ አፌን ያስይዘኛል።

መላውን ያመጣው እሱ ነው። አንድ ጠዋት «የኔታ፣ ቅኔ ቤት እኮ መጽሐፉ የመምህሩ ልብ ነው። እርስዎ ይንገሩን፣ እኛ እንይዘዋለን» አለኝ። ይህን ሲለኝ የልጅነቴ ቁርአን ቤት ትዝ አለኝ፤ ሸሁ አንድ መስመር ይላሉ፣ እኛም የተጻፈበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሎሃችንን ታቅፈን እየተወዛወዝን እንከተላለን። ለካ የሁለታችንም ዕውቀት የገባው በጆሮ ነው። ተስማማን። ጠዋት ጠዋት እኔ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ላቀው ያወጣል፣ አርባው ይቀበላል። ያን የእንግሊዝኛ ሳይንስ በምን ዜማ እንደሚያወጣው አላህ ይወቀው፤ የተክል ሥር ውሃ ሲመጥ ዝግ ይላል፣ ጨጓራ ምግብ ሲፈጭ ፈጠን ይላል። ከብት እየነዱ የሚያልፉ ገበሬዎች አጥሩ ጋ ቆመው ያዳምጣሉ፤ አንዲት አሮጊትማ ሳትሳለም አታልፍም ነበር። ሁሉም ነገር በዜማ ገባለት፤ ያልገባለት ሒሳብ ብቻ ነው። ክፍልፋይን ስንት ቀን ታገለው! «የላይኛውና የታችኛው ቁጥር ምን አጣልቷቸው ነው መሐላቸው አጥር የተሠራው?» ይለኛል፣ የምሩን።

ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር የሚናገረው ትምህርት ላይ ስንደርስ ገጹ የለም። ምስጥ ይብላው፣ አንዱ ትምባሆ ይጠቅልልበት አላውቅም፣ ቅጠሉ ተገንጥሏል። ደብረ ወርቅ ሰው ልኬ ማስፈለግ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጎፈሬዬን አበጥሬ፣ ካኪዬን ለብሼ «ይህንማ በቃሌ አውቀዋለሁ» ብዬ ጻፍሁት። ገልብጬ ጻፍሁት። ደምን ከልብ ይዞ የሚወጣው አርተሪ ነው፤ ወደ ልብ የሚመልሰው ቬይን ነው። እኔ ቬይን ያወጣል፣ አርተሪ ይመልሳል አልሁ። ላቀው አወጣ፣ አርባው ተቀበለ። ያ ገጽ ከሁሉም ዜማው የሚያምረው ነበር፤ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው እንኳ ኳስ እየተራገጡ ይሉት ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ደረሰ፣ ልጆቹ ልብሳቸውን አጥበው ተፈተኑ። ውጤት ሲጠበቅ የሌላው ሁሉ መጣና የእኛ ቀረ። ታግዷል ተባለ። ከዚያ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ፊታቸው የማይፈታ አንድ ሽማግሌ ተቆጣጣሪ ተላኩብን። ክፍሉን ሰብስበው «ከአንድ ልጅ በቀር ሁላችሁም ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ዓይነት መልስ ስታችኋል። ሦስቱም ስለ ደም ናቸው። ሰው ትክክሉን ይኮርጃል፤ ስህተት ተሰልፎ የሚኮርጅ የት አገር አለ? ማን ነው የነገራችሁ?» አሉ። አንድ ልጅ ያሉት ያን ገጽ ባስተማርሁ ሰሞን ታማ ቤት የዋለችውን ልጅ ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ኩረጃ ነው ከተባለ የሁሉም ውጤት ይሰረዛል፤ ወንዶቹ ወደ ሞፈር፣ ሴቶቹ ወደ ባል ቤት ነው የሚመለሱት።

ላቀው ተነሣ። «ጌታው፣ አልኮረጅንም። በቃላችን ነው የያዝነው። ይስሙን» አለና አወጣ። አርባው ተቀበለ። ከተክል ጀምረው፣ ጨጓራን አልፈው ልብ ላይ ሲደርሱ፣ ያ የተገለበጠ መስመር ካንድ አፍ እንደወጣ ሆኖ ክፍሉን ሞላው። እኔም ስህተቴን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከሰው አፍ ስሰማው። ተቆጣጣሪው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ፊታቸው ፈታ ብሎ «ይህን ከማን ተማራችሁት?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። «ተሳሳትሁ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን «መጽሐፉ ላይ እንዲያ ነው የሚለው» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌው መጽሐፉን ተቀብለውኝ ገለጡ፤ ገጹ የለም። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፣ መጽሐፉን መለሱልኝ። ላቀው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

እገዳው ተነሥቶ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አብዛኛው አልፏል፤ እልልታው እስከ እህል ተራው ተሰማ። ላቀው የለበትም። ለጥቂት ነው የወደቀው ተባለ። ለጥቂት! ሦስት ጥያቄ ለማለት ካልሆነ ለጥቂት ምን ማለት ነው? ደብተሮቹን በነጠላው ቋጥሮ መጣና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ። እኔ ወደ ቅኔ ቤቴ ልመለስ» አለኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትሁ፣ «መንገዱ ይቅናዎት» የሚል ወጣ። በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ገባሁ።

ሞጣ ዕድሜ ልኬን አስተማርሁ። ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት ሦስቴ መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ልጆቹ «ጋሽ እንድሪስ የራሱን ስም እንኳ ሳያይ አይጽፍም» ይሉኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ይኸው እንደ ምስጋና ተነግሮልኛል፣ ጥንቁቅ መምህር ተብዬ። ፍርሃት መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። በየሰርጉ የደብተራ ድምፅ ስሰማ የማየው ያን ሪዛም ዲያቆን ነው፤ በጊዜው ቢያልፍ ኖሮ ሐኪም ይሆን ነበር፣ ዳኛ ይሆን ነበር እያልሁ እሾመዋለሁ። ሾሜ ሾሜ ስጨርስ ደግሞ ራሴ እሽረዋለሁ።

የሆነ ሆኖ ሄድሁ። ሲስተር ትርንጎ ስልክ ደውላ «ዛሬ ነው አይደል ጋሼ? መድኃኒትዎን ይዘዋል?» ስላለችኝ ነው የሄድሁት፤ ለሌላ ሰው ቢሆን እንቢ እል ነበር። በጆንያ ላይ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ መንገድ በሚኒባስ ወዲያው አለቀ፤ እንኳን ላስብበት፣ በቅጡ ልፈራበት እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም። ቢቸና ወርጄ መጀመሪያ የሄድሁት ወደዚያች ጥግ ነው። ሻይ ቤቷ የለችም፤ የባጃጅ ተራ ሆኗል። ባጃጆቹ ግን ዘፈን ከፍተው ነው የሚቆሙት፣ ዜና ሲመጣ ይለውጡታል፤ ይህችስ አልተለወጠችም ብዬ ደስ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ባለ ፎቅ ሆኗል። ዳይሬክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ቢሮዋ አስገብታ ችግሯን እንደ እኅት አጫወተችኝ። መጽሐፉ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ስልኩ ግን ለአምስት ልጅ አንድ ነው። ትምህርት ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ ልጆቹን ወደ ኋላ አስቀርቷቸዋል። መምህር መጣ ሲባል ተዛወረ ይባላል። «ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ጋሼ፣ አይጠይቁም» አለችኝ። «የገባውም ያልገባውም ገብቶናል ነው የሚለው። መምህር ሲሳሳት እንኳ እያዩ ዝም ነው። ጨዋ ናቸው፣ ምን ላድርጋቸው?»

ከቢሮው ስወጣ አዳራሹ በር ላይ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አዩኝና ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «የኔታ!» አሉኝ። በዚህ ዓለም የኔታ የሚለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እስካሁን በሐሳቤ ወጣት ስለሆነ አንተ እያልሁ ጻፍሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልችልም፣ መሪጌታ ላቀው ናቸው፣ ቅኔ አስተምረው ያስመረቁ፣ የአካባቢው ሰው የሚነሣላቸው።

«መሪጌታ! በሕይወት አሉ?»

«ካልሞትሁ አለሁ። ጎፈሬው የት ደረሰ?»

«አብሮኝ አልሸመገለም፣ ቀድሞኝ ሄደ።»

ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስለ ልጅ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ በላይ ግን መታገሥ አልቻልሁም፤ ሆዴ ይዞት የኖረውን እንዲያው በደረቁ አወጣሁት። «መሪጌታ፣ እኔ ነኝ የጣልሁዎት» አልሁ።

«ምን ጣሉኝ?»

«ሚኒስትሪውን። ያ ገጽ መጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ ከራሴ ነው የጻፍሁት። ገለበጥሁት። በዚያ ላይ ዋሸሁ። እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው የጣሉዎት።»

ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እነሱን ሦስቱንማ አግኝቻቸዋለሁ!»

«ምን አሉኝ?»

«ተቆጣጣሪው ‹ከአንድ ልጅ በቀር› ሲሉ አልሰሙም? ልጁ እኔ ነኝ። ከፈተናው በፊት ደብረ ወርቅ ለንግሥ ሄጄ ከአንድ ዘመዴ ቤት መጽሐፉን አገኘሁት፣ ገጹ ሳይጎድል። ልብ ላይ ስደርስ የኛው ተገልብጧል። ትክክሉን ይዤ ገባሁ፣ ትክክሉን መለስሁ።»

«ታዲያ ማን ጣለዎት?»

«ክፍልፋይ ነዋ! ሒሳቡ ነው ድራሼን ያጠፋው። እስከ ዛሬም አልታረቅንም። ደግሞ መውደቄን ማን አዘነበት? ወደ ቅኔዬ መልሶኝ ይኸው ሰው ሆንሁ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። አልሀምዱሊላህ አልሁ፤ እሷኑ ደጋግሜ አልኋት። ደረቴ ውስጥ ተጠቅልሎ የኖረ ነገር ሲፈታ ይሰማኛል፤ ሲስተር ትርንጎ አየሩን ስታስተነፍሰው ክንድ ቀለል እንደሚለው ነው። እንባዬም መጣ፣ አላፈርሁበትም። ያን ሁሉ ዓመት አውቶቡስ ውስጥ የውሸት ያንቀላፋሁት፣ ለካ በሌለ ወንጀል ነው! ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ፤ ጠባዬ ነው፣ ደስታ ሲበዛብኝ እቆጣለሁ። «ታዲያ አውቀው ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

የመሪጌታ ሳቅ ቀዘቀዘ። «የእኔ ጥፋት እሱ ነው» አሉ። «በጉባኤ መካከል መምህርን ማረም ነውር ነው፣ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ሦስት ቀን ደጅዎ መጥቻለሁ። በመጣሁ ቁጥር ከወንበርዎ ይነሡልኛል። ‹ይግቡ ዲያቆን፣ ይቀመጡ› ይሉኛል። እንዲህ ያከበረኝን ሰው ተሳስተዋል ብዬ እንዴት ልድፈረው? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ፈተናው ደረሰ። ተቆጣጣሪው የመጡ ዕለትም ስህተቱን እያወቅሁ ያወጣሁት ልጆቹን ላድን ብዬ ነው። እኔ ዝም ባልል ኖሮ ግን ማንም ሦስት ጥያቄ ባልሳተ። ይቅርታ እንዳልልዎት እርስዎ አይመጡ!»

እውነቴን ነው፣ እኔ ስለ ሌሎቹ አስቤ አላውቅም ነበር። ላቀው ላቀው ስል የወደቁት ሌሎች ጥቂቶች እንደነበሩ ረስቻለሁ። እሳቸው አልረሱም። በየለቅሶው በየማኅበሩ ያገኟቸውን ሁሉ ምን እንደጣላቸው ጠይቀዋል፤ አብዛኞቹ በሒሳብ ነው ብለዋቸዋል፣ በደሙ ጥያቄ የወደቁት ሁለቱ ደግሞ በዓመቱ ደግመው አልፈዋል። «አንዷን ልጅ ብቻ አላገኘኋትም» አሉኝ። ይህችኛዋ ለሁለታችንም ቀረች። እንግዲህ ሁለት ጨዋ ሰዎች አንቱ ሲባባሉ ክፍሉን ሙሉ አሳሳቱት ማለት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ተማሪው ጢም ብሏል፤ ወላጆች ከፊት፣ አስራ ሁለተኛዎች ከኋላ። ስሜ ተጠርቶ መድረክ ላይ ስወጣ ኪሴ ውስጥ ስለ ጥረትና ስለ ትጋት የጻፍሁት ወረቀት ነበረኝ። አላወጣሁትም። ጠመኔ አንሥቼ መድረኩ ላይ ወደቆመው ሰሌዳ ዞር አልሁና፣ ያንኑ መስመር እንደ ያኔው ጻፍሁት። «ቬይን ደምን ከልብ ያወጣል፤ አርተሪ ወደ ልብ ይመልሳል።» ዞሬ «ትክክል ነው?» አልሁ።

«ነው!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

የሚያውቁት እንዳሉ ዓይናቸው ይናገራል። አንዱ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው፣ ጓደኛው ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለቱም አቀረቀሩ። ዳይሬክተሯ ከንፈሯን ነክሳለች። «ደግሜ እጠይቃለሁ፣ ትክክል ነው?» አልሁ። አሁን ድምፁ ቀነሰ። ጠመኔውን ወደ እነሱ ዘረጋሁ። ከኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ብድግ አለች።

«ይቅርታ ጋሼ... ተገልብጧል።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «እሽ! ምን ያለችዋ ናት!» አሉ። እጄን አንሥቼ አስቆምኋቸው።

«ማን ነው የተሳሳተው?» አልኋት።

አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እኔን አየች። «ሰሌዳው» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ እኔም ሳቅሁ። «ሰሌዳው ላይ ማን ጻፈው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያስ?»

«እርስዎ ተሳስተዋል» አለች፣ በጠራ ድምፅ። የሲስተር ትርንጎ እኅት ትሁን አትሁን አልጠየቅሁም፤ አፏ ግን የእሷው ነው።

ጠርቼ ጠመኔውን ሰጠኋት። መጣች፣ አጠፋች፣ አስተካክላ ጻፈች። «ልክ ናት» አልሁ ወደ ሰዉ ዞሬ። «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። በወጣትነቴም እዚሁ ትምህርት ቤት ይህንኑ ተሳስቼ አስተምሬ፣ ስጠየቅ መጽሐፉ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ያረመኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። ዛሬ አገኘሁ።» አንዲት ቃል ናት ብያለሁ፤ ይኸው ስትወጣ አልገደለችኝም። ያቺ ልጅ ወደ ቦታዋ ስትመለስ አምስት ስድስት እጆች ተነሥተው ነበር፤ ዳይሬክተሯ የቱን ልጥራ ብላ ስትደናገር አየኋት።

ያኔ ነው መሪጌታ አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡበት አግዳሚ ሆነው ያወጡት። ዜማው ያው የዱሮው ነው፣ ድምፃቸው ብቻ ቀጥኗል፤ አርተሪ ከልብ ይወጣል፣ ቬይን ወደ ልብ ይመለሳል። ልጆቹ መጀመሪያ ተያዩ፣ ከዚያ ተቀበሉ። እኔ ከመድረክ ወርጄ ወደ እሳቸው ሄድሁ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥሁና ከልጆቹ ጋር ተቀበልሁ። ሲያበቃ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «አሁን ገና አለፍን፣ የኔታ» አሉኝ።